እማ፣ መድኃኒቱን ጀመርኩት

እማ፣ አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። ከተለየሽን ወዲህ አንድ ዒድ ያላንቺ አለፈ፤ ሁለተኛው ሊመጣ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ለቅሶ ብቻ ይዤ መምጣት ደስ ስላላለኝ ነበር። አሁን ግን የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ላንቺ ሳልነግር መቀመጥ አቅቶኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጅሽ ሰይድ የቅመም መደብሽን አልዘጋውም። እኔ ልብስ ስፌቴን ይዣለሁ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከሱ ጋር እቀመጣለሁ። ደንበኞችሽ ኮረሪማ ስሸጥላቸው እንዳንቺ ምራቂ ስለማላበዛ ያኮርፉኛል። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ያለ ልክ አፈራ። የፊት ለፊቱን ክፍል ሰማያዊ ቀባነው። ሠራተኛ ምን ያደርጋል ብሎ ሰይድ ራሱ ስለቀባው አንዱ ግድግዳ ከሌላው ይጠቁራል፤ ብታዪው ሳትስቂ አትቀሪም ነበር።

ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያየው የባሏን እናት አንቺ ትላለች ብሎ ይታዘበኛል። የፈቀድሽልኝ ግን ራስሽ ነሽ። ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ሰሞን ውሃ ላምጣልዎ ስልሽ፣ "አንቱ እያልሽ እንግዳ አታድርጊኝ፤ አላህ ሴት ልጅ አልሰጠኝም፣ አንቺን ሰጠኝ" አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ ነሽ።

ዓመት ዓመትን እየተካ ልጅ ሳንወልድ ስንቀር የሰይድ አጎት መጥተው ስለ ሁለተኛ ሚስት ያነሱበት ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ሰሃን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላውቅም። አንቺ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ "መጀመሪያ ሁለቱም ይመርመሩ። ችግሩ ከልጄም ከሆነ ልወቀው፤ የሰው ልጅ ብቻዋን አትወቀስም" አልሻቸው። አጎቱ ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ። ስለ ልጅ ጉዳይ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብሎ አስቦ የማያውቀው ሰይድም በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ተመረመረ። የሱ ደህና ሆነ። የኔ ምርመራ ሲጀመር አንቺ ታመምሽ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።

ሐዘኑ ቀለል ሲለን ተመልሰን ሄድን። የምታየኝ ዶክተር ወጣት ሴት ናት፤ የሰይድን ኮት ደርቤ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ስገባ፣ "የቆላ ሰው መሆንሽ ያስታውቃል" ብላ ሳቀች። ከዚያ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደኔ አዙራ አሳየችኝ። የወር አበባዬ ሁለት ሦስት ወር የሚጠፋው እንቁላሎቹ ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ ስለሚቀሩ ነው አለችኝ። እንዲያድጉ የሚረዳ ክኒን አለ፤ የወር አበባ ሲመጣ ለአምስት ቀን ይዋጣል፣ ከዚያ በአልትራሳውንድ ይታያል። ገና ደስ ሊለኝ ሲል ደግሞ ሌላ ነገር አየች። በግራ በኩል ውሃ የቋጠረ ትልቅ እብጠት ነበረ።

"ይህ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል" አለችኝ። "እሱ እያለ ግን ክኒኑን አልሰጥሽም፤ ሊያሳድገው ይችላል። እንጠብቅ።"

ጠበቅን። በመሃል አንዲት ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት፣ ደብረ ሲና የምታውቃት ሰው ይህንኑ ክኒን ውጣ ሆዷ አብጦ እንደነበር ነገረችኝ። ያን ቀን ቀሚሱን ገልብጬ ሰፋሁት። በቀጠሮዬ ዶክተሯን ስጠይቃት ውሸት ነው ብላ አላጣጣለችብኝም። "አልፎ አልፎ ይደርሳል። ክትትል የምልሽም ለዚህ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከተሰማሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ። መንታም ሊመጣ ይችላል፤ እሱንም እወቂው" አለችኝ። ከዚያ በአልትራሳውንድ አየችኝ፤ እብጠቱ ጠፍቷል። "አሁን መጀመር እንችላለን፤ ውሳኔው ግን የናንተ ነው" አለች።

ለመወሰን ፈርተን፣ ለክኒኑ ብለን ተመልሰን ለመምጣትም ሰንፈን፣ ክኒኑን ገዝተን ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። አንኮበር ላይ ወደኛ የሚወርድ መኪና ስላልነበረ ሻይ ቤት ገባን። ጉሙ በር ድረስ መጥቶ መንገዱ አይታይም። ሰይድ ዳቦውን እየቆረሰ፣ "ካልፈለግሽ ይቅር። አንቺ አንድ ነገር ሆነሽ ልጅ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። እኔም ለራሴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኩት። የፈራሁት ክኒኑን አልነበረም። ተስፋ አድርጌ ባይሆንስ የሚለውን ነበር። ከዚህ ቀደም ተስፋ ስቆርጥ የምትይዢኝ አንቺ ነበርሽ፤ አሁን ማን ይይዘኛል?

ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝና፣ "እኔ እንደ እማ አላውቅበትም፤ ግን አብሬሽ እፈራለሁ" አለኝ።

እማ፣ ልጅሽ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። እንጀምር አልኩት። አፉ በዳቦ ተሞልቶ ነበርና በእሺታ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን፤ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ምን አግኝታችሁ ነው እስክትል ድረስ።

የወር አበባዬ ሲመጣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ሲመጣም ሲቀርም ሲያስለቅሰኝ የኖረ ነገር፣ ያን ጠዋት እንደ እንግዳ ተቀበልኩት። ሰይድ ውሃ ይዞ ቆሞ ክኒኑን እስክውጥ ያየኝ ነበር። ራሴን አመመኝ፤ በኛ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ከውስጥ ይነሳብኝ ጀመር። ቢሆንም የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳላስበው አንጎራጉራለሁ።

ትናንት ለክትትል ወጣን። መኪናው ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ወርጄ ልገፋው ምንም አልቀረኝም። ዶክተሯ ብዙ ካየች በኋላ ፈገግ አለችና ሰይድን ከውጭ አስጠራችው። አዲስ እብጠት የለም። በቀኝ በኩል አንዷ እንቁላል አድጋለች፤ አንዷ ብቻ፣ ክብ፣ ጥርት ያለች። ሰይድ ስክሪኑን አተኩሮ አይቶ፣ "ሴት ናት ወንድ?" አለ። ዶክተሯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "አባቷ፣ ገና እንቁላል ናት" አለችው። አባቷ ስትለው ፊቱን ብታዪው ኖሮ።

ሆኖልኝ ይሁን አይሁን ገና አላውቅም። በዚህ ወር ካልሆነ እንደገና ታይቼ፣ እብጠት አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ በሚቀጥለው እንሞክራለን። ቢሆንም ዛሬ ሰውነቴ የከዳኝ አይመስለኝም፤ ይህ ብቻ ስንት ዓመት የናፈቀኝ ነገር ነው።

ከሶላት በኋላ ዱዓ ሳደርግ መጀመሪያ የምጠራው ስምሽን ነው፤ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜም እንዲሁ ነው። አላህ ልጅ ከሰጠን፣ እናቱን ከሰው አፍ ያዳነች አያት እንደነበረችው እየሰማ ያድጋል። ባይሰጠንም አንቺን የሚያስታውስ ልጅ አታጪም፤ እኔ አለሁልሽ።

ልጅሽ ከድጃ
ከአልዩ አምባ