ድንጋይ የተሸከሙት መምህር፦ የመምህር ገድሉ ወልደ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

መምህር ገድሉ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ኃይለ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናትዓለም ሣህሉ በጣና ዳር በቁንዝላ በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱትን ሕፃናት ወባ ስለወሰደባቸው እናታቸው «ይህም ይሄድብኛል» እያሉ ወደ ውኃው አያስጠጓቸውም ነበር። እሳቸው ግን አደጉ።

ፊደል ከአባታቸው ዘንድ ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ከተማሩ በኋላ ከሐይቁ ገዳማት በአንዱ ከትርጓሜ መምህር እግር ሥር ተቀመጡ። በዚያ ጉባኤ አንድ ቃል ሲፈታ «አንድም እንዲህ ማለት ነው፤ አንድም እንዲህ» እየተባለ አባቶች ያሉት ሁሉ ይነገራል። አንዱን ፍቺ ዘሎ ማለፍ ነውር ነው። ይህ ልማድ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከገቡም በኋላ አልለቀቃቸውም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ባሕር ዳር ጨርሰው በእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርነት ሠልጥነዋል። በ1971 ዓ.ም. ሐሙሲት ተመድበው ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ከተማ ወይዘሮ የሺመቤትን በ1974 ዓ.ም. በቁርባን አግብተው ክንዱን፣ ሰብለ ወንጌልንና ሰገነትን ወልደዋል። በ1979 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ተዛውረው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገልግለዋል።

እንግሊዝኛን የሚያስተምሩት በገዳሙ ወግ ነበር። ተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚያስታውሱት «ሩዊን» (ruin፣ መፍረስ፣ መበላሸት) የሚለውን ቃል የፈቱበትን መንገድ ነው። «አንድም ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው የቀረ ቤት ነው። አንድም ስጥ ላይ የወረደ ዝናብ ነው፤ እህሉ አለ፣ የሚበላ ግን አይደለም። አንድም ነጋዴ ሲከስር ነው። አንድም መጠጥ በሰው ጤና ላይ የሚሠራው ነው» ይሉ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. መጋቢት ወር ይህንኑ ሲያስተምሩ አንዲት ፍቺ ቀረቻቸው። መዝለል ነውር ነውና ጨመሩ፦ «አንድም በድሮ መጻሕፍት፣ ሳታገባ ያረገዘች ልጅ እንዲህ ትባላለች።»

ፀደንያ ተክለ ጊዮርጊስ የምትባል፣ ከቁንዝላ መጥታ ባሕር ዳር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሆዷ መግፋቱን መምህሩ አላወቁም፤ ክፍሉ ግን ያውቅ ነበር። ከጎረምሶቹ አንዱ «ፀዲ፣ ተፈታሽልን» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቱ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች፤ በማግስቱም በጀልባ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። የመልቀቂያ ፈተናው ደርሶ ነበር።

መምህር ገድሉ ነገሩን ሲሰሙ እህል አልቀመሱም። ጀልባ ሊሳፈሩ ሲነሡ ቤተሰቡ ወጀቡን እያየ «ዛሬስ ይቅርብዎ፣ ውኃው ይበላዎታል» ቢላቸው «ልጅቱን እኔው ነኝ የሰደድኋት፣ የምመልሳትም እኔው ነኝ» ብለው ሄዱ።

ቁንዝላ ወርደው ከሐይቁ ዳር ድንጋይ አንሥተው በጫንቃቸው ተሸከሙ። በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚቆም ከባድ በደል የበደለ ሰው ነው። የገበያው ሰው ተከተላቸው። «የመሪጌታ ልጅ አይደሉም? ነፍስ አጥፍተው ይሆን?» ያሉም ነበሩ።

የልጅቱ አባት አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ከደጃቸው ሲያዩአቸው ደነገጡ።

«ኧረ ያውርዱት፣ የኔታ! ምን በድለውኝ?»

«ልጅዎን በጉባኤ ፊት አዋርጃለሁ።»

«እርስዎ ምን አደረጉ? ራሷን ያዋረደችው እሷ። ይቅር ብያለሁ፣ ያውርዱት።»

«ትምህርቷን ትጨርስ ይበሉኝና ላውርደው።»

«አሁንማ ምን ይሆንላታል? የተበላሸች ልጅ ናት።»

«እንግዲያው አላወርድም» አሉ።

ፀሐዩ ከረረ። ላባቸው በሸሚዛቸው ወረደ። የቤቱ እመቤት «ሰውየው በደጃችን ሊሞቱ ነው፤ እዳው ለልጅ ልጅ ነው» እያሉ ባላቸውን ለመኑ። አባትየው ግን ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ልጅቱ ራሷ ወጣች።

«እመለሳለሁ፣ የኔታ። ግን ኋላ አልቀመጥም። ፊት ነው የምቀመጥ» አለቻቸው።

«ፊት ትቀመጫለሽ» አሏት። ድንጋዩን ከጫንቃቸው ያነሣችው እሷ ናት። አባቷም ይህን አይተው «እንግዲህ ሂጂ» አሉ።

መምህር ገድሉ ክፍል ገብተው፣ ልጅቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ትምህርቱን እንደገና አስተማሩ። ፍቺዋን አልዘለሏትም። «ይህን ያሉ አሉ፤ እኛ ግን አንቀበለውም። የሚያድግ ነገር የያዘ ሰው ፍርስራሽ አይባልም» አሉ። ያን ዕለት የሳቀ አልነበረም። ፀደንያ ፈተናዋን ተፈትና አለፈች፤ ልጇን ብሩክንም በሰላም ተገላገለች። ስትማር ሕፃኑን ያሳደጉት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። ፀደንያ ዛሬ በመሸንቲ አዋላጅ ነርስ ናት።

መምህር ገድሉ የስኳር ሕመም ከጀመራቸው ዓመታት አልፈው ነበር። ባለፈው ክረምት ኩላሊታቸው ሲታመም ቤተሰቡ ክፉውን መጠበቅ ጀመረ። እሳቸው ግን እግራቸው እምቢ እስኪል ድረስ የሰፈሩን ልጆች ከማስጠናት አላቋረጡም። በሐኪሞችም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ፀደንያ ከልጆቻቸው ጋር እንድትጻፍ ለመነች። ጽሑፉን የምታዘጋጀው ታናሽ ልጃቸው ሰገነት ፈራች፤ ለቀስተኛው «ከውጭ የወለዱት ናት» እንዳይል፣ ወሬውም እስከ መቃብር እንዳይከተላቸው ሠጋች። ወይዘሮ የሺመቤት «ያለ ይበል፣ ጻፊያት» አሉ። ስለዚህ ተጻፈች።

መምህር ገድሉ ወልደ ጻድቅ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺመቤትን፣ ልጆቻቸውን ክንዱን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ሰገነትንና ፀደንያን፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ከታላቁ ከብሩክ ጀምሮ ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ደጋግ አባቶቻቸው ካረፉበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጽናቱን ያድለን። አሜን።