የአባዬ የመጨረሻ አጋዘን

ኖቬምበር 25
ከአባዬ ጋር ጋራዥ ውስጥ የአደን ስጋ ስንፈጭ ዋልን። ወንዱ አጋዘን የአባዬ፣ ሴቷ የወንድሜ የቨርሊን። እሱ ሥራ ገብቷል። ጭንቅላቶቹን ጠዋት ነዳጅ ማደያው ጋ ባለው የአጋዘን በሽታ ምርመራ ሳጥን ውስጥ ከተናል።

አባዬ፣ "ውጤቱ እስኪመጣ የየራሱ ይቀመጥ" ይላል። መፍጫውን ሁለቴ ማጠብ ሰለቸኝ። "አባዬ ደግሞ፣ ሁለቱም እኮ ስብ በስብ ናቸው፣ ምን በሽታ አለባቸው?" አልኩት።

"እንደፈለግሽ፣ ግትር" አለና ሳቀ። አንድ ላይ ፈጭቼ፣ አሽጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት።

ዲሴምበር 3
አባዬ ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

ዲሴምበር 11
ውጤት መጣ። የአባዬ ነጻ። የቨርሊኗ ግን... አጋዘንን አክስቶ የሚገድለው አመንማኙ በሽታ አለባት። ያ ሁሉ ስብ እያለባት? ሳይታወቅ ዓመት ከዚያም በላይ ይቆያል አሉ። እሳትም አይገድለውም።

የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደወልኩ። "ከተቀላቀለ ሁሉም ይወገድ" አለች ሴትየዋ።

"ግማሹ የአባቴ ነው። ሞቷል።"

"አዝናለሁ እመቤት። መለየት አይቻልም።"

ዲሴምበር 14
ቨርሊን ለገና ስጋውን ሊወስድ መጣ። ውጤቱን ነገርኩት። "የዊስኮንሲን ሰው እንዲህ ያለውን አጋዘን ሲበላ ኖሯል። ማን ታመመ?"

"ለልጆችህ ታበላለህ?"

"የአባዬን ስጋ ቆሻሻ ላይ ልትጥይው ነዋ? አንጀትሽ እንዴት ቻለ?"

አልሰጥም አልኩ። በሩን ወርውሮት ሄደ። እኔስ አላማረኝም? አንድ ጉርሻ ብቻ...

ዲሴምበር 20
አንዱን እሽግ አውጥቼ በሽንኩርት ጠበስኩት። ሽታው ቤቱን ሞላው። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ "ጨው ጨምሪ" የሚለኝ መሰለኝ። ናፈቀኝ። በጣም ናፈቀኝ።

አልበላሁም። እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከነመጥበሻው ለማስወገድ ጠቀለልኩት።

ጃንዋሪ 4
ቨርሊን ሳልጠራው መጣ። የቀረውን ሠላሳ ስምንት እሽግ ጭነን መሥሪያ ቤቱ ያስቀመጠው የአጋዘን ማስወገጃ ገንዳ ጋ ወሰድን። እሱ ነው የወረወረው። እኔ እጄ እምቢ አለኝ።

"የኔዋ ናት ያበላሸችው" አለ አቀርቅሮ።

ነገርኩት። "የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። አባዬ ተይ ብሎኝ ነበር።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። "ግትር" አለና ትከሻዬን ያዘኝ። አለቀስን፣ ሁለታችንም፣ መኪናው ውስጥ።

ቤት ገብቼ ባዶውን ማቀዝቀዣ ከሶኬቱ ነቀልኩ። ድምፁ ቀስ እያለ ቆመ። ከቀብሩ ቀን ይልቅ ዛሬ ነው አባዬ የሞተብኝ።