ከስብሰባ የቀረሁበትን ምክንያት ስለ ማስረዳት

ጥቅምት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጓድ የሺዓለም እምሩ
የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ጊዮርጊስ አጠገብ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና በየዓመቱ ከክፍላቸው አንደኛ ለሚወጡት ልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ስለ እኔ ጤንነት ባልጽፍ እንዳይቀየሙኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ መልሱን አልለመድሁትም።

ባለፈው ወር በላኩልኝ ማስጠንቀቂያ «ከአራት ስብሰባዎች በተከታታይ ስለ ቀሩ ምክንያትዎን በጽሑፍ ያቅርቡ» ብለውኛል። ጽሑፍ ሥራዬ ነው። አራት ኪሎ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት የሌላውን ሰው «የተከበሩ» ስመታ ኖሬያለሁ፤ የራሴን ስመታ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምክንያቴ ለእርስዎ ብቻ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ አንዱን ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ልጄን በተመለከተ እስከ ዛሬ ላሳዩት ትዕግሥት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወይኒ ዘርኡ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አትናገርም። ሲጠሯት ዞር አትልም። የድስት ክዳን መሬት ላይ እያሾረች ግማሽ ቀን ትቀመጣለች፤ ክዳኑን ሰው የነጠቃት እንደ ሆነ ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። ሁለት ዓመት ሲሆናት «እማ» ትለኝ ነበር፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ጸበል ወስጃታለሁ። ሐኪም ዘንድም ወስጃታለሁ፤ ውጭ አገር የተማረ አንድ ወጣት ሐኪም «ኦቲዝም» የሚል ቃል በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝና፣ በአስተዳደግ ጥፋት የመጣ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን የሚያስተምራት ትምህርት ቤት እንደማያውቅ ነገረኝ። እንዴት እንደምትበላና እንዴት እንደምትተኛ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። እኔ እተኛ እንደ ሆነ ግን አልጠየቀኝም። ደግ ሰው ስለ ነበረ አልተቀየምሁትም።

አባቷ ዘርኡ ወረቀቱን አላመነም። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለና ለሥራ ወደ አሰብ ሄደ። ይኸው አምስት ዓመት ሆነው፤ ሥራው አላለቀለትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች ወይኒን የምትጠብቅልኝ እሷ ነበረች። ካረፈች ወዲህ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ልጄን በገዛ መቀነቴ ከአልጋው እግር ጋር አስሬ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ እወጣለሁ። በምሳ ሰዓት ከአራት ኪሎ እየሮጥሁ መጥቼ እፈታታለሁ፤ አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ መልሼ አስራታለሁ። ይህን በአፌ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ግን በአንድ ግድግዳ ስለምንኖር ያውቃል፤ እርስዎም ያውቁ ነበር። በሚያዝያ ወር ደጄ ድረስ መጥተው «እንግዶች ሲያልፉ ጩኸቷ እንዳይሰማ መስኮቱን ዝጊው» ያሉኝ ስለሚያውቁ ነው። ዘግቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬም አልከፈትሁትም።

በዚያ ሰሞን አለቃዬ ያዘዘኝን ደብዳቤ ስመታ የልጄን ስም በመሐል እየጻፍሁ ስንት ወረቀት አበላሸሁ። መሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቅስ ነበር፤ ውሃው ድምፄን ይሸፍንልኛል። አንድ ቀን ደግሞ ወይኒን መታኋት። አላለቀሰችም። የመታሁበትን እጄን ይዛ፣ እንደ ክዳኑ ልታሾረው ሞከረች። ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን እንደ ሰው አልቆጥርም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ግንቦቱ ስብሰባ። «ልጅ ሰበብ አይሆንም፤ ይዘሻት ነይ» ብለው አዘዙኝ፤ ይዣት መጣሁ። የኋላ ወንበር ላይ ጭኔ ላይ አስቀመጥኋት። ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ጮኸች። መፈክሩ ሲጀመር ይብስ ጮኸች። እርስዎም ንግግርዎን አቋርጠው በድምፅ ማጉያው «ያንን ነገር ከአዳራሹ አውጡልኝ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ስለ እናቶች ክብር የሚናገረውን ክፍል ገና አልጨረሱትም ነበርና ቀሪውን ሳልሰማ በመውጣቴ አዝናለሁ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ቁጥሩ ግን እዚህ ላይ ያልቅብኛል።

ከአዳራሹ ወጥቼ ልጄን አዝዬ ወደ ቤቴ አልሄድሁም። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆምሁ። ምን ያህል እንደ ቆምሁ አላውቅም። ምን እንዳሰብሁ እዚህ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ቀን የገጠማት እናት ሳልነግራት ታውቀዋለች፤ ያልገጠማት ደግሞ እግዜር ይጠብቃት። ከድልድዩ ጫፍ ቆሎ የምትሸጥ ሙሉነሽ የምትባል ሴት ነበረች። በየቀኑ አጠገቧ ሳልፍ ሰላም እንኳ ብያት አላውቅም። ቆሎዋን ትታ ተነሥታ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ ልጅቱን ለእኔ ስጪኝ» አለችኝ። «አንቺ ትንሽ አልቅሺ።»

ምን ሆና ነው፣ ማን ረግሟት ነው፣ አባቷ የት ነው አላለችም። ወይኒን ከጀርባዬ አውርዳ የቆሎ ስፌቷን ክዳን ሰጠቻት። እኔ ከድልድዩ ግንብ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስሁ።

ከዚያ በኋላ ሙሉነሽ በየቅዳሜው ከሰዓት ቤቴ እየመጣች ከወይኒ ጋር ሁለት ሰዓት ትቀመጥ ጀመር። ወይኒ ከእሷ ጋር ትስቅ ነበር። እኔ በመጀመሪያው ቅዳሜ ተኛሁ። በሁለተኛው ጊዮርጊስ ሄጄ ከዛፉ ሥር ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ፀጉሬን ተሠራሁ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህን የምጽፈው ለወሬ አይደለም፤ ሰው ሆኖ ለመሰንበት ለካ ሁለት ሰዓት ይበቃ ኖሯል።

በክረምቱ ደግሞ ከማኅበርዎ አባላት ሦስት ሴቶች በየተራ ደጄን አንኳኩ። በአዳራሹ ከሳቁት መካከል ነበሩ። የመጀመሪያዋ ከገባች በኋላ «እኔም ጓዳ ውስጥ አንድ አለኝ» አለችኝ። ሁለተኛዋ ባሏ በሰው ፊት «ልጅ የለንም» እንደሚል ነገረችኝ። ሦስተኛዋ ወይኒን ስታይ ቆይታ ሄደች። ስማቸውን አልጽፍልዎትም። ሲስቁ ግን ከሁሉ ይልቅ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ የነበሩት እነሱ መሆናቸውን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ነሐሴ ሲያልቅ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል አጥሩ ተቀባ፣ መንገዱ ታጠበ። ከድልድዩ ላይ ሻጮቹና ለማኞቹ በካሚዮን ተጫኑ። ሙሉነሽም ከነስፌቷ ተጫነች። ያየ ሰው እንደ ነገረኝ «ቅዳሜ ቅዳሜ የምጠብቃት ልጅ አለችኝ» እያለች ትለምን ነበር። የት እንዳወረዷቸው ጠይቄ ጠይቄ ደከመኝ። የተጫኑት ሰዎች ስም ዝርዝር ላይ የእርስዎ ፊርማ አለ ይባላል። ከተማችንን ስላጸዱልን እጅግ አመሰግናለሁ፤ ድልድዩ አሁን ባዶና ንጹሕ ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከልጄ ወደ ሥራዬ፣ ከሥራዬ ወደ ልጄ ስሻገር ክንዴን የሚይዘኝ የለም።

እንግዲህ ከስብሰባ የቀረሁት ስለዚህ ነው። ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ሙሉነሽ የት እንደ ተወሰደች ይንገሩኝ። የቀረውን በእግሬ ሄጄ እፈልጋታለሁ።

ለእናቶች ያለዎትን ከፍ ያለ አሳቢነት በመስኮቴ መዘጋት፣ በበሬ መቆለፍና በድልድዩ ንጽሕና ሁልጊዜ እያስታወስሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ትርሓስ አብርሃ
የወይኒ እናት

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ መዝገብ ቤት
ስማቸውን ላልጻፍሁት ሦስት ሴቶች

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከሰሌዳው ላይ ቀድደው እንደሚጥሉት አውቃለሁ። የምለምንዎ፣ ሲቀድዱት ቤቴ መጥተው ወይኒ ፊት ይቅደዱት። ወረቀት ሲቀደድ ድምፁ ያስቃታል፤ ሙሉነሽ ከተወሰደች ወዲህ አንድም ቀን አልሳቀችም።