ከእናቴ የቀደመ ይቅርታ

ይድረስ ለክቡር ፕሬዝዳንታችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለተከበሩት ባለቤትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የባለቤትዎን ወንድም ጤና ግን አልጠይቅም፤ ባለፈው ሳምንት በሱቃችን በር የመኪናውን ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፍ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁና ተመስገን ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እናቴ ደግሞ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ከጥቂት ወራት በፊት ይኸው የባለቤትዎ ወንድም ሞቅ ብሎት ሲነዳ ከነመኪናው ሱቃችን ውስጥ ገብቶ እግሯን ሰበረው፤ ፍርድ ቤትም ሦስት ዓመት ፈረደበት፤ እርስዎም ይቅርታ አደረጉለት። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። በመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ይንዛዛል የሚሉ ሐሜተኞችን አፍ አዘግተውልናል፤ ሰውየው ከእስር ቤት የወጣው የእናቴ እግር ከጀሶ ሳይወጣ ነውና።

ሁለተኛ፣ ይቅርታው ‹‹በጤና እክል ምክንያት›› መሆኑን በሬዲዮ ሰምተናል። የምን እክል እንደሆነ ባይነገረንም፣ እስር ቤቱ በለቀቀው ዕለት እክሉም ስለለቀቀው ሐኪሞቻችን ሊማሩበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ጎረቤታችን አናጢው በጠብ ሰው ፈንክቶ ታስሯል። ሚስቱ የይቅርታ ማመልከቻ ብታስገባ፣ መጀመሪያ ከተበዳዩ ጋር መታረቃቸው ይረጋገጥ፣ ከዚያ ኮሚቴ ያየዋል ተባለች። እሷም ለምና አስታረቀች፤ ኮሚቴው ግን እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ኮሚቴ እንዳለን ያወቅነው በእሷ ነው፤ የአማችዎ ጉዳይ ሲመጣ የት ሄዶ እንደነበር ግን እሷም አላወቀች፣ እኛም አላወቅን።

አራተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። እናቴ ቂም የሚባል ነገር አታውቅም፤ ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የገጫትን ልጅ ይቅር ልትለው ቆርጣ ነበር። የፈለገችው መጥቶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ አጥፍቻለሁ እንዲላት ብቻ ነው። ለእሱ ብላ ወንበር አዘጋጅታ፣ እኔን ጨርቅ እንዳልከምርበት ከልክላኝ ነበር። ሬዲዮው ይቅርታውን ያወጀ ዕለት ጨርቁን ወንበሩ ላይ አድርገው አለችኝና ወደ ክሮቿ ዞረች። ክቡርነትዎ፣ የተሰበረው የእሷ እግር ሆኖ ሳለ ይቅርታውን እርስዎ ቀድመው ሰጡባት።

ሥልጣኑ ይነጠቅዎ የሚል ድፍረት የለኝም። ዳኛም ይሳሳታል፣ የታሰረም ይጸጸታል፤ የሚምር ሰው ያስፈልጋል። ዓይኔን በጨው አጥቤ የምለምነው፣ ከመፈረምዎ በፊት ተበዳዩ እንዲጠየቅ፣ ምክንያቱ በግልጽ እንዲነገር፣ ዘመድዎ ሲሆን ደግሞ ብዕሩን አስቀምጠው ጉዳዩን ሌሎች እንዲያዩት ነው። እኔ እንኳ የእህቴን ቀሚስ ስሰፋ ልኩን ሌላ ሰው እንዲያይልኝ አደርጋለሁ፤ ለዘመድ ሲሆን እጄ ይሰፋል።

የኮትዎን ልክ የመውሰድ ዕድል ባያገኝም የሥልጣንዎን ልክ ለማወቅ ዘወትር የሚጓጓ፣

ታዛዥዎ ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ሳነብላት እርስዎንም ይቅር ልትልዎ አሰበች። ብቻዋን ግን አልወሰነችም፤ እህቴንና እኔን አስቀምጣ ምክንያቷን አስረዳችን፣ ሐሳባችንንም ጠየቀችን። ተበዳይዋ እሷው ስለሆነች እሷን ለማግኘት አልተቸገርንም። እኔ አጥብቄ ተቃውሜ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ። ጨርቁን ከወንበሩ ላይ አንስቼልዎታለሁ።