መምህር ፖል ያሠራልን መጸዳጃ

ዴጉ ከተማ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.

ላኦስ አገር ተራራ ላይ ላለሽው ለመጨረሻ ልጄ ለሚሱክ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያነበበችልኝ የወንድምሽ ሚስት ናት፤ ይህንንም እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው እሷው ናት። «ያልኩትን ጻፊ፣ አታሳምሪው» ብያታለሁ።

ለመንደሩ ሁሉ ጭስ የሌለው ምድጃ ሠርተሽ፣ ሴቶቹ አመስግነው ተቀብለውሽ፣ ዛሬም የሚያበስሉት በአሮጌው ጉልቻ ነው። ስትጠይቂያቸው «በጣም ጥሩ ነው» ይሉሻል። «የመጣሁበት ነገር ትርጉሙ ጠፋኝ፤ ተይዤ የቀረሁ መስሎኛል። አባባ፣ ነይ ካሉኝ ቀሪውን ዓመት ትቼ እመጣለሁ» ትያለሽ።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ።

አንቺ ሳትወለጂ መንደራችን ሶልቲ እንደ አንቺ ያለ አንድ አሜሪካዊ በጎ ፈቃደኛ መጥቶ ነበር። መምህር ፖል እንለው ነበር። ከቁመቱ የተነሳ በመንደሩ ግንባሩን ያልገጨበት በር የለም። በሽታ ይጥፋላችሁ ብሎ መንደሩ መሃል ባለ ስድስት ክፍል የጋራ መጸዳጃ በሲሚንቶ አሠራልን። ድንጋዩን እኔም ተሸክሜያለሁ። ሲመረቅ አጨበጨብን፣ የሩዝ ጠላ ጠጣን። ከዚያ ወዲያ ማንም አልገባበትም።

ያኔ ማዳበሪያ ማን ይገዛል? የእያንዳንዱ ሰው ማዳበሪያ የገዛ ቤቱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር። አያትሽ ሰርግ ተጠርቶ ማዶ መንደር ሄዶ እንኳ ሆዱን ይዞ እየሮጠ ቤቱ ይመለስ ነበር፤ የራሱን ለሰው ማሳ አይሰጥማ! ታዲያ የትኛው ሞኝ ነው የጋራ ጉድጓድ ውስጥ የሚጥለው? መምህር ፖል ጠዋት ጠዋት መጸዳጃው ደጃፍ ላይ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ! ግቡ እንጂ!» ሲለን፣ «ደህና፣ ደህና» እያልን በሩጫ እናልፈዋለን።

አንድ ቀን ክንዴን ያዘኝ።

«ማንሶክ፣ ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! በጣም ስላማረ እኮ ነው፤ ማቆሸሹ አሳፍሮን ነው።»

ፊቱ በራ። አመነኝ። በዓመቱ ማዶ መንደር ሄዶ ሁለተኛ አሠራ! እነሱም እንደ እኛው ነጭ ሽንኩርት አደረቁበት። ሲሄድ አለቀሰ፣ እኛም አለቀስን፤ እውነቱን ግን ማንም አልነገረውም። እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው ብዬ የሰውዬውን ሁለት ዓመት በላሁበት።

ምራቴ እየሳቀች ነው። ሳቂ፤ የሚቀጥለውንም ጻፊ።

የምኖረው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ያለ እንጨት ይሞቃል፣ ሙቅ ውሃው አያልቅም። ወንድምሽ ማታ ማታ «አባባ፣ ተመቸዎት?» ይለኛል። «ተመችቶኛል» እላለሁ። በሩ የቁልፍ ቀዳዳ የለውም፤ ቁጥር ተነክቶ ነው የሚከፈተው። ባለፈው ወር ሁሉም ሥራ በሄዱበት፣ ነፋስ ልቀበል ብዬ ስወጣ ከኋላዬ ጥርቅም አለ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ያልተማርኩት ፊደል ነው እንጂ ቁጥር መች አቃተኝ! ቁጥሩ የሚነካበት መስታወት ግን ድፍን ጥቁር ነው። በአውራ ጣቴ ብጫነው ዝም፣ በቡጢ ብመታው ዝም። እስኪመሽ በካልሲ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሲመጡ «አሁን ነው የወጣሁት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣሁም። የራሴን ማሳ ስረግጥ የኖርኩ ሰውዬ በመስኮት የመኪና ጣራ ሳይ እውላለሁ።

ምራቴ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«አባባ! መዳፍዎን ሲያሳርፉበት እኮ ነው ቁጥሩ የሚበራው። ምነው ሳይነግሩን?»

«ምነው ሳታሳይኝ?»

«በየማታው አንጠይቅዎትም?»

«‹ተመቸዎት?› ነዋ የምትሉኝ! መልሱን ይዛችሁ ነው የምትጠይቁኝ።»

አለቀሰች። ይህንንም ጻፊ አልኳት።

እንግዲህ ሚሱክ፣ «ጥሩ ነው?» እያልሽ አትጠይቂ። በየመንደሩ አንዲት አፈ ክፉ አሮጊት አትጠፋም፤ እሷን ፈልጊ። እሳቷ ዳር ተቀምጠሽ «ጭሱ ምን ያደርግልሻል?» በያት። የእኛ የገለባ ጣራ ጭስ ካላገኘ ትል ይበላው ነበር፤ የእነሱን አላውቅም። ብትሰድብሽ ደስ ይበልሽ። መምህር ፖልን አንድ ሰው ሰድቦት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ባልሠራ ነበር።

ነይ አልልሽም። ሴትዮዋን ሳትጠይቂ ከመጣሽ እንደ እኔ ስታፍሪ ታረጂያለሽ። ጠይቀሽ «አንፈልግሽም፣ ሂጂ» ካሉሽ በእግርሽም ቢሆን ነይ። ለእኔ ብለሽ ግን አትምጪ። ሐኪሙ የሳንባዬን ፎቶ ባየ ጊዜ ወንድምሽን ወደ ውጭ ጠራው፤ ምን እንዳለው አልጠየቅኩም። ምራቴ ይህን ስትጽፍ ቀና ብላ አታየኝም።

የአያቶችሽ መንፈስ ከእባብና ከወባ ይጠብቅሽ። ምግብ አትዝለይ። ስለ እኔ እንዳታስቢ፤ እኔ በጣም ደህና ነኝ።

አባትሽ ፒዮ ማንሶክ
(በፊርማ ፈንታ ማኅተሜን በገዛ እጄ አሳርፌበታለሁ)