የመጀመሪያው ቁና የማን ነው?

ቃሉ የእኔ የወንድምሽ የሷሊሕ ነው፤ እስክሪብቶ የያዘው እጅ ግን የሶስና ነው፤ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ደብተርና ሳሙና የምትሸጠዋ ሶስና። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። ሳቀችና ይህንንም ጻፈችው።

እህቴ ሙሀባ፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጆሮሽስ ያው ነው ወይስ ባሰበት? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ሀሩን፣ ሚስቱ ኑርሃን፣ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እኔ ዓይኔ ደከመ እንጂ ወገቤ ገና ነው፤ ዘንድሮ ማሽላዬን የቆረጥኩት በገዛ እጄ ነው።

ሮቢት ብትመጪ አታውቂያትም። ቤቱ ፈልቷል፣ ባጃጁ ፈልቷል፣ ቅንጬ የሚሉት አረምም ከመንገድ ዳር ተነሥቶ እርሻችን ድረስ ፈልቷል። ሶስና እዚህ ላይ እጇን አቆመችና፣ ጋሼ ሷሊሕ፣ ቤቱን እንኳ ተስፋፋ ልበለው፣ ፈላማ ለቁንጫ ነው አለችኝ። ቁንጫውንም ቤቱንም አይቻለሁ፣ ያልኩሽን ጻፊ አልኳት። አንቺ መቼም ታውቂያለሽ፤ አባታችን ለሁሉም የየራሱን ቃል ሳይሰጥ አያልፍም ነበር። ልጅ ይፋፋል፣ ከብት ይረባል፣ ሽንኩርት ያኮርታል፣ ሮቢን የመሰለ ወንዝ ይሞላል፣ ዋጋ ይንራል። የሚፈላው ጉንዳንና አንበጣ ነው፤ ለበጎ ነገር አፋችንን አናበላሽበትም። አዲስ መቃብርም ብዙ አለ፤ ለመቃብር ግን አባታችን ቃል አልሰጠንም።

ፈላ ለበጎ የሚባለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አውድማ ላይ። ሀሩን ይህን ሲያነብልሽ አያውቀውምና እሱም ይስማ። እህሉ ተወቅቶ፣ ነፋስ ገለባውን ወስዶለት ክምሩ ሲነጻ፣ ቁና ሳይነካው በፊት፣ በረከት ጠሪው ያዘራበትን ላይዳ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መትቶ፣ እንደ ጉንዳን ፍላ፣ እንደ ፍየል ርባ፣ እንደ ሮቢ ሙላ ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይናገር፣ ማንም አይቆጥር። የመጀመሪያው ቁና የጠሪው ነው። አባታችን ሲደክም ጥሪውን ለእኔ አላወረሰኝም፤ አንተ በዚህ ጉሮሮህ ብትጠራው እህሉ ይሸሻል ብሎ ለአንቺ ሰጠሽ። አንቺ ድሬዳዋ ስትሄጂ ለልጄ ለኸድር አስተማርሽው።

ኸድር አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ማሾ ሊሸጥ እንደወጣ ቀረ። ሬሳውን አየሁ ያለ የለም፣ መቃብርም የለውም። ከዚያ ያመለጡት፣ ሰው ከየት መጣ ሳንል እንደ ጉንዳን ፈላብን አሉኝ። ቃሉን ያን ቀን ጠላሁት። ማሳውም ጦሙን አደረ። ዘንድሮ ግን ሚስቱ ኢክራማ፣ ይህች ልጅ ምን በልታ ትደግ ብላ ብትጨቀጭቀኝ ዘራነው። ማሽላው እንዴት እንደሆነ አልነግርሽም፤ ገና ከአውድማ አልተነሣም። አለ ብቻ ልበልሽ።

የግብርናው ልጅ ደረጄ መጥቶ ክምሩን አየና፣ ጋሼ፣ ምርትዎ ከጎረቤት በእጥፍ አሻቀበ አይልም መሰለሽ! የገበያ ቃልህን ክምሬ ላይ አትወርውር፣ ማሻአላህ በል አልኩት። ማሻአላህ፣ ጋሼ፣ ማሻአላህ እያለ ወደ ኋላው ሄደ። ጎረቤታችን ሙዐዊያም፣ በል አንተው ጥራው፣ ድምፅህን የጠላው አባትህ እንደሆነ ሞቷል አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

የኸድር ልጅ ዓሊያ ቀደመችኝ። አባቷን አታውቀውም፤ እሱ ሲሄድ እናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። ከእናቷ ቀሚስ ሥር ወጥታ መጣች፣ ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች፣ በመዳፏ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታችው። እንደ ጉንዳን ፍላ አለች። እንደ ፍየል ብላ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች፤ ኸድር አስም ስለነበረበት እዚያው ላይ ነበር ትንፋሹን የሚውጠው። ከዚያ ርባ አለች። እንደ ሮቢ ሙላ ስትል ኢክራማ ሻሿን አፏ ላይ ጣለች። ወላሂ እኔ አላስተማርኳትም አለች። ልጅቱን ማን ነገረሽ ብላት ወደ አውድማው ማዶ በጣቷ አሳየችኝ። እዚያ የቆመ አገዳ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ልሰፍር ያነሣሁት ቁና እጄ ላይ ቀረ። መልሼ አስቀመጥኩት።

አሁን ጥያቄዬን ስሚ። ዓሊያ የእናቷን ስልክ ይዛ አንቺ ስታወሪ ዝም ብላ ታዳምጥሻለች፤ ምን እንደምትያት አላውቅም። ያስተማርሻት አንቺ ነሽ ወይ? አንቺ ከሆንሽ የመጀመሪያው ቁና የልጅቱ ነው፣ ነገውኑ እሰፍራለሁ። አንቺ ካልሆንሽ የጠራው ኸድር ነው። የእሱ ቁና ደግሞ ሰደቃ ይሆናል፤ ሰደቃ አወጣሁለት ማለት ለኢክራማ ባልሽ ሞቷል አልኳት ማለት ነው። ያንን ቃል እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ታድራለች። በስልክ ያልጠየቅኩሽም ለዚህ ነው፤ ለአንቺ ካልጮሁ አትሰሚም፣ ይህ ደግሞ የሚጮህ ነገር አይደለም። አንቺስ ስትጠሪ ፍየል ላይ ስትደርሺ ትንፋሽሽን ትውጪ ነበር ወይ? እኔ ረስቻለሁ።

ሰማዩ ጠቁሯል። ክምሩ ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ሙዐዊያ፣ ዝናብ ካገኘው ይበቅልልሃል፣ ያኔ ፈላ ትላለህ እያለ ያሾፍብኛል። ቀን ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ከበስተኋላዬ መሬቱ ሁለት ጊዜ ሲመታ እሰማለሁ። የምፈራ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ግን ፊቴን ወደ አገዳው አላዞርም።

እንዳታባብይኝ፤ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። እኔ ነኝ ወይም እኔ አይደለሁም በዪ፤ ሀሩን ለሶስና ይደውልላት።

ሀሩንን ሰላም በይልኝ፤ የእናቱን አገር አይርሳ። ኑርሃንን ሰላም በይልኝ። ሙዐዊያ ሰላም ብሎሻል። ኢክራማ ደብዳቤ እንደላክሁ አታውቅም፤ ብታውቅ ግን እጅሽን ትስምሽ ነበር። ዓሊያ ማሻአላህ እንዳለች አለች።

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

በይ ሶስና፣ አሁን አንብቢልኝ። ጥሪው ላይ ስትደርሺ ግን ዝለዪው፤ ለአንድ ክምር ሁለት ጠሪ አይሆንም።