ከሆዷ ውሰድ

አሰላ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአሰግድ ወልደጻድቅ
ድሬዳዋ

የዓይኔ ማረፊያ፣ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እዚህ የጭላሎ ብርድ ወርዶ በየቤቱ እየገባ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጊታርህ በማጉያው ውስጥ አልፋ እንደ እንጨት መናገር ጀመረች ብለህ የጻፍከውን ሳነብ «እሰይ፣ ተገላገልን!» አልኩ። የፋሲካውን ጉድ መቼ ረሳሁት! ከሀሰኖ ሱቅ የመኪና ባትሪ ተውሰህ፣ ማይክራፎኑን ጊታሯ አፍ ውስጥ ከተህ፣ ገና ክሩን ስትነካው ያ የማጉያ ሳጥን እንደ ጅብ አላዘነ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሥቶ መለሰለት። ለሳንባዋ ሕመም ከተወጋችው መርፌ ወዲህ ጆሮዋ የደከመው እናትህ እንኳ ሰምታ አማተበች። ጩኸቱን ዝቅ አድርገህ ስትጫወትላት ደግሞ «ይሄ ቆርቆሮ ነው፤ የልጄ እጅ አይደለም» አለችህ። ፊትህ ጠቆረ። ምን ይደረግ፣ ያን ማጉያ የገዛኸው እሷ እንድትሰማህ ብለህ ነበር፤ እኔም አዘንኩልህ።

እሷ ግን ዝም ብላ መች ትቀመጣለች! «እሱን አጥፋውና ተጫወት» አለችህ። አጠፋኸው። መጀመሪያ መዳፏን፣ ቀጥሎ ጉንጯን ጊታሯ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ያቺን እሷ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራትን ዜማ ነበር አንተ የምትጫወተው። ሲያበቃ «ድምፁ እዚህ ነው ያለው፤ አንተ ከአፏ ትወስዳለህ። ከሆዷ ውሰድ» አለችህ። አንተ ሳቅህባት። እኔም ሳቅሁ።

ይኸው ያለችው ሆነ። የስልክ መስሚያ ፈትተህ፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት ሥር እንጨቱ ላይ በፕላስተር ለጥፈህ፣ እንዳይንጫጫ ሱፍ ጨርቅ አንጥፈህለት፣ ሳጥኑን ፊቱን ወደ ሰው አዙረህ፣ ወፍራሙን ድምፅ ቀነስ ስታደርገው ማላዘኑን ተወ ብለሃል። ዕድሜዬን የክስ ማመልከቻ ስገለብጥ ለኖርኩ ሰው ይሄ ሁሉ ግራ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ለእናትህም አነበብኩላት። በቀኝ ጆሮዋ በኩል ተንበርክኬ፣ በጩኸት! ሀሰኖ ከሱቁ ሮጦ መጥቶ «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው ጠቡ?» አለኝ። እሷ ነገሩ ሲገባት ከአንጀቷ ሳቀች። «ከሆዷ ውሰድ አላልኩትም? አላልኩትም ወይ ወልዴ?» አለች። ያ ሳል እስኪያቋርጣት ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር፤ በእውነት ደስ አለኝ።

«ለገና ይዞት ይመጣል» አልኳት።

«ገና መቼ ነው?» አለችኝ።

«ደርሷል» አልኳት። እንግዲህ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«እንግዲያ ሳጥኑን በቀኜ ያስቀምጠው፤ ግራው አይረባም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስትመጣ አጫውትሃለሁ። ወረቀት ሁሉን አይችልም።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ገናን አትጠብቅ። የምትጫወትበትን ሆቴል ጌታ አስፈቅድና የመጀመሪያውን ባቡር ያዝ። ናዝሬት ጣቢያ አጎትህ ገብረ መድህን ቆሞ ይጠብቅሃል። «በቀጥታ በአሰላ አውቶቡስ እሄዳለሁ» ብለህ እንዳታስቸግረው፤ ቤቱ እደር። የሰጠህን ብላ፤ ተኛ። ጎሕ ሲቀድ ቢቀሰቅስህና ሽማግሌዎች አብረውት ተቀምጠው ብታይ ደንግጠህ አትነሣ። ተቀመጥና የሚሉህን ስማቸው። እኔንም በአባቴ ጊዜ እንዲህ አድርገውኝ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ ብዬ ስንት ዘመን አኩርፌያቸዋለሁ። አሁን ብዕሩን ይዤ ስቀመጥ ገባኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለገዛ ልጅ መጻፍ እጅ እንቢ ይላል። ልጄ ብቻውን ሆኖ እንዲያነበው አልፈልግም።

ቤታችን ሰው በሰው ነው። ሀሰኖ ሱቁን ዘግቶ ከእኔ ጋር ሲቀመጥ ሰንብቷል። አግዳሚ ወንበሩን የደረደረው እሱ ነው፤ ውኃ የሚያስቀዳውም እሱ ነው። ሰው ወጣ ሲል ጠብቆ ጉልበቴን ይይዝና «ኦብሲ፣ ጋሼ፣ ቻለው እንጂ» ይለኛል። እኔ ምን አልኩት! ደግሞ ጸጉሬን ተላጭቼ ብታየኝ እንዳትደነግጥ፤ ሲያሳክከኝ ጊዜ ነው። በዚህ ብርድ መላጨቴ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ አትቆጣኝ።

ጊታርህን ይዘሃት ና። ገብረ መድህን «አሁን የጊታር ጊዜ ነው ወይ?» ቢልህ አባቴ አዞኛል በለው። ሰውም የሚለውን ይበል፤ ሰው ከሄደ በኋላ በር ዘግተን ነው። ያቺን የፈትሏን ዜማ ትጫወትልኛለህ። እንዝርቷ ካስቀመጠችበት አልተነሣም፤ ማንም እንዳይነካው ከልክያለሁ።

የእናትህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ እጅህን ይባርክልህ። ባቡሩ ላይ ብርድ እንዳይመታህ፣ እሷ የፈተለችውን ጋቢ ልበስ።

ማጉያውን ግን እዚያው ተወው፤ በከንቱ አትሸከም። የእኔ ጆሮ ደህና ነው።

አባትህ
ወልደጻድቅ